ጋሼ ከተማ ሊያዩ የመጡበት ሳምንት

ሰኞ

ስድስት የሚዜ ቀሚስ። እስከ ቅዳሜ ጠዋት። እስካሁን ያለቀው አንድ ነው፤ እሱም ዚፑ ይቀረዋል። እኔ ደግሞ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ባቡር ላይ ዋልኩ።

ጋሼ ገረመው የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ትናንት ከቦንጋ በአውቶብስ ገቡ። እናቴ በስልክ፣ አጎትሽ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቤት ተቀምጠው ፈዘዋል፣ ትንሽ ይዝናኑ፣ ከተማውን አሳዪአቸው አለችኝ። ጥር መሆኑን፣ የሠርግ ሥራ እንደተቆለለብኝ ነገርኳት። አንድ ሳምንት ምን ያደርግሻል ብላ ስልኩን ዘጋችው።

አልጋዬን ለቀቅኩላቸው። እኔ ስፌት ቤቱ ውስጥ በጨርቅ ጥቅሎች መሀል ፍራሽ አንጥፌ ተኛሁ። በአሥራ ሁለት ሰዓት ዓይኔን ስገልጥ ጋሼ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው በሩ አጠገብ ቆመዋል። እጃቸው ላይ ደብተር። ደብተሩ ላይ በቁጥር የተጻፈ ነገር አለ።

በድልድይ ላይ የሚሄደው ባቡር። እንጦጦ። ድንቅነሽ። አንበሳ። መርካቶ። ሰው ተሸክሞ ራሱ የሚወጣው ደረጃ። አውሮፕላን ሲነሳ፣ በቅርብ።

ሁሉንም ከሬዲዮ የለቀሙት ነው። ጋሼ ሰላሳ ዓመት ግሬደር ነድተዋል። ሰው ወደ አዲስ አበባ የሚመጣበትን መንገድ ሲደለድሉ ኖረው፣ እሳቸው የመጡት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ለማሽን መለዋወጫ። ጋራዥ ውስጥ አድረው በማግስቱ ተመለሱ። ይህን ሲነግሩኝ ማዘን ነበረብኝ። እኔ ግን የማስበው ስለ ቀሚሶቹ ነበር።

እውነቱን ልጻፍ ካልኩ፣ ቤቴል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስኖር ከዚያ ዝርዝር ውስጥ የማውቀው መርካቶን ብቻ ነው። እሱንም ክርና ዚፕ ልገዛ ስሄድ።

ከቤቴል ዓየር ጤና፣ ከዓየር ጤና ጦር ኃይሎች፣ በታክሲ። ጦር ኃይሎች እንደወረድን ጋሼ ካልሲ ዘርግታ የምትሸጥ ሴት ዕቃ መሀል በሁለት እግራቸው ገብተው ቆሙ። ሴትየዋ ጮኸች። እኔ ይቅርታ እየጠየቅኩ ካልሲ ሳራግፍ፣ እሳቸው የት እንደቆሙ ገና የገባቸው አይመስሉም። ትንሽ ሄድ እንዳልን ከአንድ ሰውዬ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተላተሙ። ከዚያ ከምሰሶ ጋር። እንግዳ ሰው ከተማ ሲገባ ሽቅብ እያየ እንደሚሄድ አውቃለሁ፣ ይሄ ግን በዛ።

ባቡሩን ወደዱት። እስከ አያት ሄደን ተመለስን። ጦር ኃይሎች ስንደርስ፣ በግራ በኩል ያለውን ደህና አድርጌ አላየሁትም አሉኝ። ደግመን ሄድን። ለሁለተኛ ጊዜ ስንመለስ ስለ ባቡሩ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ የሚያወሩት ከላይ ስላዩት አስፋልት ነው። ውሃ መውረጃው የት ቦታ ላይ እንደተበላሸ፣ የት ቦታ ላይ እንዳማረ። ከጎናችን የተቀመጠችው ልጅ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ውስጥ ወተፈች። እኔም ማዳመጫ ቢኖረኝ አልኩ።

ቤት ስገባ ሰናይት ብቻዋን ሁለት እጅጌ ጨርሳ ጠበቀችኝ። ሰናይት አብራኝ ከምትሰፋ ስምንት ዓመቷ ነው። የሰናይት ዝምታ ከስድብ ይብሳል።

ማክሰኞ

እንጦጦ። እግሬን አመመኝ።

ለነገሩ ሲደርሱበት ደስ ይላል። አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ባሕር ዛፉ ይሸታል፣ ጥንዶች ፎቶ ይነሳሉ፣ ልጆች በፈረስ ይዞራሉ። ሌላ ጊዜ ብመጣ እወደው ነበር። ዛሬ ግን በየአሥር ደቂቃው ስልኬ ይጮኻል። የሙሽራዋ እናት ወይዘሮ የሺ ናቸው። የአንደኛዋ ሚዜ ወገብ ልክ ከተወሰደ ወዲህ ሰፍቷል። ገበሩ ተተርትሮ እንደገና ይሰፋ። እሺ አልኳቸው። በሆዴ ሌላ ነገር ነው ያልኩት።

ከተማው ሁሉ ከሚታይበት ቦታ ላይ ስንቆም ጋሼ ኮልፌ የት እንደሆነ ጠየቁኝ። በእጄ አሳየኋቸው። የት? እዚያ ጋሼ፣ በግራ በኩል። አንገታቸውን ወዲያና ወዲህ እያዞሩ፣ መርፌ እንደጠፋበት ሰው እየቃኙ ቆዩ። ደግሜ አሳየሁ። ደግመው ጠየቁ። አራተኛው ላይ፣ አየሩ ጭጋጋም ስለሆነ ነው እንጂ ይታያል ብዬ ተውኩት። ጭጋግ የሚባል ነገር አልነበረም።

ስንመለስ ደረጃ ስተው ወደቁ። አንድ ደረጃ ብቻ ነች፣ ግን የእግራቸውን አገዳ ድንጋይ መታው፤ ደማ። ያኔ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ጋሼ፣ ምናለ ትንሽ እንኳ እያዩ ቢሄዱ?»

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል፤ ሰው ዞር ብሎ አየን። እሳቸው ሱሪያቸውን አራገፉ። «ልክ ነሽ» አሉ። ከዚያ ሽሮ ሜዳ እስክንደርስ ክንዴን ይዘው ወረዱ።

አፍሬያለሁ። ተናድጃለሁም። ሁለቱም አንድ ላይ ይሆናል።

ዛሬ የሆነልኝ ነገር ቢኖር ዚፑ ነው። ገባ። አንድ ቀሚስ አለቀ።

ረቡዕ

ዛሬ የትም አልሄድም አልኩ። ቁርጥ አድርጌ። ጋሼን መንገድ ዳር ያለው ካፌ አስቀመጥኳቸው፣ ሻይ አዘዝኩላቸው፣ ለአስተናጋጇ አደራ ብዬ ወደ ስፌት መኪናዬ ተመለስኩ። ከሰናይት ጋር ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳንነጋገር ሰፋን። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀሚስ ደረሱ። እንዲህ ያለ ጠዋት ናፍቆኝ ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይ ለምሳ ልጠራቸው ስሄድ የሉም። አስተናጋጇ፣ ሒሳብ ከፍለው ከሄዱ ቆዩ አለችኝ። ቤት ተመልሼ ስልካቸው ላይ ደወልኩ። እዚያው አልጋዬ ላይ ጮኸ።

እንዴት እንደሮጥኩ። ወደ ዓየር ጤና በሚወስደው መንገድ ወረድኩ፣ ተመለስኩ። የባጃጅ ሾፌሮቹን ጠየቅኩ። ግራጫ ኮት፣ ባርኔጣ፣ ረጅም ሽማግሌ። አንዱ ወደ ቀራንዮ ሲሄዱ አይቻለሁ አለ። ቀራንዮ መድኃኔዓለም በር ላይ ያሉትን ጥበቃ ጠየቅኩ፣ አላዩም። ለእናቴ ምን እላታለሁ የሚለው ሐሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ ይዞራል። ወንድምሽን ጣልኳቸው? አደባባይ ላይ ቆሜ ማልቀስ ቃጣኝ። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ያገኘኋቸው መንገድ በሚሠራበት ቦታ ነው። ግሬደር ላይ ተቀምጠው። ሞተሩ ጠፍቷል፣ ኦፕሬተሩ ከታች ቆሞ ዳቦ ይበላል። ጋሼ ማርሹን እየነካኩ ያስረዱታል፤ አራት አምስት ሠራተኞች የዳምጠው ማሽኑ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይሰማሉ። ፊታቸው፣ የጋሼ ፊት ማለቴ ነው፣ ከመጡ ጀምሮ እንደዚያ ሲበራ አላየሁትም።

እዚያው ጮህኩባቸው። በሰው ፊት፣ አጎቴ ላይ። ሕፃን ነዎት ወይ አልኩ። ይህን ማለቴን እናቴ ከሰማች አለቀልኝ። ኦፕሬተሩ መሀል ሊገባ ሞከረ፤ አባባ ብዙ ነገር አስተማሩን እኮ እህቴ አለኝ። አንተን ማን ጠየቀህ አልኩት። ጋሼ ቀስ ብለው ወረዱ፣ እያንዳንዱን ደረጃ በእግራቸው እየዳሰሱ፤ ባርኔጣቸውን አነሱና ሁሉንም ተሰናበቱ።

ወደ ቤት ስንሄድ እኔ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ። መንገድ ልንሻገር ስንል በግራ በኩል ባጃጅ መጣ። ቀይ ነገር፣ ጡሩምባውን እየነፋ፣ እየታየ። ጋሼ ቀጥ ብለው ገቡበት። ኮታቸውን ይዤ ወደ ኋላ ሳብኳቸው፤ የኮቱ ብብት ተተረተረ። ባጃጁ ጫማቸውን ሊነካ ትንሽ ነበር የቀረው። ሾፌሩ ተሳድቦ ሄደ።

ጋሼ ወዴት እንደሄደ እንኳ አላወቁም። ፊታቸውን አየሁት። ምንም አላዩም። ግራቸው ባዶ ነው።

«ጋሼ፣ ባጃጁን አላዩትም?»

«አላየሁትም።»

የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልን። ግሬደር ስትነጂ የፊት መስታወትሽ በጭቃ ይሸፈናል አሉኝ፤ መጥረጊያው መሀሉን ብቻ ያጸዳል፣ ዳር ዳሩ ጭቃ እንደሆነ ይቀራል። የእኔ ዓይን እንደዚያ ሆኗል አሉ። መሀሉ ይታየኛል። ዳሩ እየጠበበ ነው። ከሁለት ወር በፊት ጅማ ሄደው ታይተዋል። ግላኮማ ተብለዋል። ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጽፎላቸዋል። ወረቀቱ አራት ጊዜ ታጥፎ ደብተሩ ውስጥ አለ። ከእሁድ ጀምሮ ቤቴ ውስጥ ነበር።

ለምን አልነገሩኝም አልኳቸው። እንዲህ አሉኝ፦

«ሐኪም ቤት ከገባሁ ቁርጡን ይነግሩኛል። ቁርጡን ከሰማሁ በኋላ የማየው ነገር ሁሉ ስንብት ይሆንብኛል። መጀመሪያ ልይ ብዬ ነው፣ እንደ ሰው፣ ደስ ብሎኝ።»

እናቴ አታውቅም። ማንም አያውቅም።

ካልሲው። ምሰሶው። ደረጃው። እያዩ ቢሄዱ ያልኩት። ከዚህ በላይ ዛሬ መጻፍ አልችልም።

ሐሙስ

እንዳዘንኩ አልዋልኩም። ጠዋት ስነሳ ንዴት ነው ያገኘሁት።

ሁለት ወር። ሁለት ወር ሙሉ ወረቀት አጣጥፈው ይዘው፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጠፋባቸው። የሪፈር ወረቀቱን አነበብኩት፤ በፍጥነት የሚል ቃል ከሥሩ ተሰምሮበታል። ቁርስ ላይ አሁኑኑ እንሂድ አልኳቸው። ቤቴል ውስጥ የዓይን ክሊኒክ አለ፣ በእግር አሥር ደቂቃ። እምቢ አሉ። ከሰኞ በኋላ አሉ። ከሰኞ በኋላ አገርዎ ይገባሉ አልኩ። እንጀራው እስኪደርቅ ተከራከርን። ግትርነታቸው ከማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ እናቴም ያው ናት፣ ሰናይት እንደምትለው ከሆነ እኔም።

ሰናይት ከመኪናዋ ቀና ሳትል ነው የተናገረችው። ጋሼ ምን ቀርቶዎታል አለቻቸው። ከሁሉ በፊት ራሱ የሚወጣው ደረጃ አሉ። ሰናይት ሳቀችና ወደ እኔ ጠቆመች። እሷ እኮ በነፍሷ ነው የምትፈራው አለች፤ ዕቃ ልንገዛ ስንሄድ አራት ፎቅ በእግሯ ነው የምትወጣው፣ እኔ ከላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ።

እውነት ነው። አንድ ጊዜ የቀሚሴ ጫፍ ሊገባበት ነበር። ከዚያ ወዲህ እግሬን አላስነካውም። ግን ይህን ለጋሼ መንገር ምን አመጣው?

ጋሼ ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«አንቺ ደረጃው ላይ ከወጣሽ፣ እኔ ክሊኒኩ እገባለሁ።»

ይኸው ውሉ። ሦስት ቀሚስ ይቀራል፣ ወይዘሮ የሺ ሁለቴ ደውለዋል፣ እኔ ከአጎቴ ጋር ደረጃ ልወጣ ታክሲ ወረፋ ይዣለሁ።

አንዱ ትልቅ የገበያ ሕንፃ ገባን። ደረጃው ከፊታችን ይወጣል፣ ይወጣል፣ አያልቅም። እሳቸው የመጀመሪያው እርከን የት እንደሚጀምር አይታያቸውም። እኔ ይታየኛል፣ ግን እግሬ እምቢ አለ። እጅ ለእጅ ተያይዘን ቆምን። ሰው በጎናችን ያልፋል። የአምስት ዓመት ልጅ አለፈችን። አንድ ሰውዬ ዘንቢል ይዞ፣ በስልክ እያወራ፣ ወደ እግሩ እንኳ ሳያይ አለፈን።

ጋሼ በጆሮዬ፣ አንቺ መቼ እንደሆነ ንገሪኝ፣ እግሩን እኔ አነሳዋለሁ አሉ። ቆጠርኩ። ሦስት ላይ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሳቸው ረገጡ፣ እኔን ጎተቱኝ። ስገልጥ መሬቱ ከታች ሆኗል። ጋሼ ባርኔጣቸውን ይዘው እየሳቁ ነው፣ ጥርሳቸው እስኪታይ። እኔ የጮህኩ ይመስለኛል። ጥበቃው ከታች ቀና ብሎ አየን።

አምስት ጊዜ ወጣን። አምስተኛው ላይ ዓይኔ ተገልጦ ነበር። እላይ ያለው ካፌ አይስክሬም በላን፤ ጋሼ ጢማቸው ላይ አስቀሩት፣ እኔም አልነገርኳቸውም። ከሰኞ ጀምሮ ዛሬ ብቻ ነው የተዝናናሁት። ይህንን ለሰናይት አልናገርም።

ስመለስ አራተኛው ቀሚስ ላይ እጅጌው ተገልብጦ ተሰፍቶ አገኘሁት። ሰናይት ናት። ስምንት ዓመት እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ደክሟታል። ራሴ ቁጭ ብዬ ተረተርኩት።

ዓርብ

ገቡ። ቃላቸውን ጠበቁ። በር ላይ ግን ሁለት ጊዜ ጫማቸውን አሰሩ።

ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። የዓይን ግፊታቸውን ለካች፣ ፊቷ ላይ ምንም አላነበብኩም። ከዚያ ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ አገጫቸውን አስደግፈው መሀል ያለች ነጥብ ላይ እንዲያተኩሩ፣ ዳር ላይ ትንሽ ብርሃን ብልጭ ስትል ቁልፍ እንዲጫኑ አደረገች። እኔ ከኋላ ቆሜያለሁ። ብርሃኖቹ ይታዩኛል። በግራ ብልጭ ይላል፣ ጋሼ አይጫኑም። ደግሞ ብልጭ ይላል፣ አይጫኑም። ከላይ፣ አይጫኑም። እኔ ቁልፉን ልጫንላቸው እጄ ይነሳል። መሀል አካባቢ ሲሆን ቶሎ ይጫናሉ፣ ይኮራሉም፤ ጨርሰው ሲወጡ ስንት አገኘሁ ብለው ጠየቁኝ። ብዙ አልኳቸው።

ዶክተሯ ነገሩን አላድበሰበሰችውም። የግራው ዓይን ብዙ ጠፍቶበታል። የቀኙ መሀሉ ደህና ነው። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን ለማቆየት እንሞክራለን አለች። ጠብታ አለ፣ ጠዋትና ማታ፣ ዕድሜ ልክ። ከወር በኋላ ተመልሰው ይታያሉ። ግፊቱ ካልወረደ ኦፕራሲዮን ይታሰባል።

ጋሼ ሰሙ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ እያሽከረከሩ ሰሙ። ከዚያ ጠየቋት።

«አንበሳ ለማየት ይበቃኛል?»

ዶክተሯ አልሳቀችም። «ይበቃዎታል አባባ። አንበሳው በቀኝዎ በኩል ይሁን፣ ጠብታውን አይርሱ» አለቻቸው።

ደረጃውን ስንወርድ በግራቸው በኩል ሆኜ ክንዳቸውን ያዝኩ። እንደ ማክሰኞው አልተናደድኩም። ወይም ተናድጃለሁ፣ ግን በእሳቸው አይደለም።

ለእናቴ የነገርኳት እኔ ነኝ። ጋሼ ስልኩን አልይዝም አሉ። እናቴ መጀመሪያ እኔ ላይ ተቆጣች፣ ቀጥሎ ራሷ ላይ፤ ወንድሜ ዓይኑ እየጠፋ እኔ ተዝናና ብዬ ላክሁት ብላ አለቀሰች። ከዚያ አልቅሳ ሳትጨርስ፣ ሰኞ እመጣለሁ አለች። የት ትተኛለሽ አልኳት። ስልኩ ተዘግቷል።

ቅዳሜ

ወይዘሮ የሺ በሁለት ሰዓት መጡ። ሦስት ሰዓት ብለውኝ ነበር። አምስት ቀሚስ ተተኩሶ ተሰቅሏል፤ ስድስተኛው ጠርዙ አልተቀመቀመም። ሰናይት ከአንድ በኩል፣ እኔ ከሌላው በኩል፣ መሀል ላይ ልንገናኝ በእጃችን መቀምቀም ጀመርን። ሴትየዋ ክንዳቸውን አጣጥፈው ከላያችን ቆሙ። እያንዳንዷን ስፌት የሚቆጥሩ ይመስላሉ። ሰናይት ጣቷን ወጋች፣ ቀሚሱን እንዳይነካው እጇን ከኋላዋ ደበቀች። ወገቡ የሰፋውን ቀሚስ ሳሳያቸው ብርሃን ላይ አድርገው አገላብጠው አዩት። «አምሯል» አሉ በመጨረሻ፣ ጥርሳቸውን እንደሚነቀሉ ሰው።

ሲወጡ ሰናይት ወለሉ ላይ ተዘረጋች። እኔም ከጎኗ። ጣሪያውን እያየን ብዙ ቆየን። ነገ እተኛለሁ አለች። ለሐሙሱ እጅጌ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ እኔም ለሰኞው፣ ለማክሰኞው፣ ለረቡዑ።

ጋሼ እስከ ቀጠሯቸው ድረስ፣ አንድ ወር፣ እዚህ ይቆያሉ። እናቴ ሰኞ ትገባለች። አልጋ አንድ ነው። እናቴ ታንኮራፋለች፣ ጋሼ ሬዲዮ ከፍተው ነው የሚያድሩት። ከፊቴ ደግሞ የሁለት ሠርግ ሥራ አለ። እነዚህን ሁሉ ነገሮች አንድ ላይ ሳስብ ራሴን ያመኛል፤ ስለዚህ አንድ ባንድ ነው የማስባቸው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የጠብታው ሰዓት ደረሰ። ጠዋት ራሴ እጨምራለሁ ብለው ግማሹን ጉንጫቸው ላይ አፍስሰውታል። አሁን ሶፋው ላይ ራሳቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው ተቀመጡ። የታችኛውን ሽፋን በጣቴ ሳብ አደረግኩ። የጋሼን ዓይን በዚህ ቅርበት አይቼው አላውቅም። ዳር ዳሩ ላይ ቀለበት የመሰለ ሰማያዊ ነገር አለው፤ የእናቴም እንደዚያ ነው። ሁለቱ ዓይኖች አንድ ዓይነት ናቸው። የትኛው ብዙ እንዳጣ ከውጭ አይታወቅም።

መርፌ ቀዳዳ ውስጥ በጨለማ ክር የማስገባ ሴት ጠብታ ሳትኩ። የመጀመሪያዋ ሽፋሽፍታቸው ላይ አረፈች። ሁለተኛዋ ገባች።

«ገባ?» አልኳቸው።

«ቀዘቀዘኝ። ገብቷል መሰለኝ።»

ዶክተሯ ሁለት ደቂቃ ጨፍነው ይቆዩ ስላለች ጨፈኑ። እኔ ሰዓት ያዝኩ። ይሥራ አይሥራ የምናውቀው ከወር በኋላ ነው። ከውጭ የታክሲው ረዳት ዓየር ጤና፣ ዓየር ጤና እያለ ይጣራል። ጋሼ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ እናትሽ ስትመጣ ሦስታችን የት እንሄዳለን ብለው ጠየቁኝ።

ዝም ይበሉ ጋሼ፣ አንድ ደቂቃ ይቀራል አልኳቸው።